የወንድሟ የመጨረሻ ቃል

ሲስተርን አሥራ አንድ ዓመት አመላልሻታለሁ። እኔ የደም ባንኩ ሾፌር ነኝ። እሷ ነርስ ናት፤ ግን በእነዚያ ዓመታት ሥራዋ በመርፌ ሳይሆን በምላስ ነበር። በየኮሌጁ፣ በየፋብሪካው፣ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረች ሰው ደም እንዲለግስ ትቀሰቅሳለች። እሷ ስትናገር እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። ስትጨርስ ተጣጣፊ አልጋዎቹን እንዘረጋለን፤ ባልደረቦቻችን ይቀዳሉ፤ እኔም የሞላውን ከረጢት በማቀዝቀዣ ሣጥን ጭኜ ወደ ላቦራቶሪ እመለሳለሁ።

ተማሪዎች “ቢንቢ” ብለው ስም አውጥተውላት ነበር። ደም ፍለጋ ስለምትመጣ ነው። ታውቃለች፤ አትቀየምም። እንዲያውም ንግግሯን በዚያው ትጀምረው ነበር። “ቢንቢ ሳታስፈቅድ ነው የምትጠጣው፤ እኔ ግን ፎርም አስሞላለሁ!” ትላለች። አዳራሹ ይስቃል። ከዚያ በብብቷ ይዛ የመጣችውን የተጠቀለለ ሥዕል ግድግዳ ላይ ትሰቅልና ደም ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመነጭ፣ የማን ደም ለማን እንደሚሆን፣ ከረጢት ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ አንድ በአንድ ታስረዳለች። አርባ ደቂቃ ይፈጅባታል። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ጆሮውን አቅንቶ ነበር የሚሰማት። ስትጨርስ እጅ ይወጣል፣ ጥያቄ ይዘንባል።

ይህ ድሮ ነው። እየዋለ እያደረ ነገሩ ተለወጠ። ሰው ሁሉ አንገቱን ሰብሮ ስልኩን ማየት ያዘ። ቀልዷ ሰሚ አጣ፤ ሥዕሉም ጫፍ ጫፉ ተበላ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ስብሰባ አዳራሽ ገባን። ስድሳ ያህል ሠራተኛ አለ። የፊት ረድፉ ያንቀላፋል፤ የመሐሉ መልእክት ይጽፋል፤ ከኋላ ያሉት አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እሷ ግን ስለ ቀይ የደም ሴል ማስረዳቷን ቀጠለች። በመጨረሻ ስንት ሰው መጣ? ሦስት። አንዷን ክብደቷ አይበቃም ብለን መለስናት።

መኪና ውስጥ ገብተን ስንሄድ፣ “ጋሼ፣ ለመሆኑ ሰው ሆኜ ነው የቆምኩት ወይስ ግድግዳ?” አለችኝ።

“ምሳ በልተው ነው እኮ፣ ሲስተር።”

“ምሳ ድሮም ይበላ ነበር” አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በዚያው ወር የደም ማቆያው ማቀዝቀዣ ባዶ ሆነ። ዳይሬክተራችን ሐኪም ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከየሆስፒታሉ የሚደወለው ስልክ ግን ፀጉሩን ያለ ዕድሜው አሽብቶታል። አስጠራትና፣ “ሲስተር፣ አልሰማ አሉኝ አትበይኝ። እንዲሰሙሽ አድርጊ” አላት። ቀጥሎም ሰው ፊት የሚናገሩ ሠራተኞችን የምታሠለጥን አንዲት ባለሙያ አስመጣላት። ሥልጠናው ሦስት ቀን ነበር። ፕሮጀክተሩን የምገጥመው እኔ ስለሆንኩ፣ “አንተም ተቀመጥና ተማር” ተባልኩ።

አሠልጣኟ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ያስተማረችው ነገር ከንቱ አልነበረም። ከሥዕሉ ላይ አታንብቢ፤ አንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ካልያዝሻቸው ሄደዋል። ስትናገሪ ጣራውን አትዪ፤ አንድ ሰው መርጠሽ ዓይን ዓይኑን እዪ። ዝምታ አትፍሪ። አርባውን ደቂቃ አሥራ ሁለት አድርጊው። ስልካቸውን ከመጣላት ይልቅ በስልካቸው ተጠቀሚ። ሲስተር እንደ ትጉህ ተማሪ ሁሉንም ጻፈች።

በሁለተኛው ቀን አሠልጣኟ፣ “ሰው ቁጥር ይረሳል፤ ሰውን ግን አይረሳም” አለች። “ደም ጠፍቶ የሞተ የምታውቂው ሰው አለ?”

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያኔ ስምንት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ፤ ስለ ቤተሰቧ የማውቀው ከእናቷ ጋር እንደምትኖር ብቻ ነበር።

“ወንድም ነበረኝ” አለች።

ታናሿ ነው። ቤት ውስጥ “ማሙሽ” ነበር የሚሉት። የሕንፃ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ። አንድ ቀን ጠዋት ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ወደቀ። እሷ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ወራት ቀርተዋት ነበር። ሆስፒታሉ የእሱ ዓይነት ደም አልነበረውም። የእሷም የእናቷም አልሆነለትም። አጎታቸው ደም ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲሮጥ፣ ልጁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተ።

“በመጨረሻ ምን አለ?” አለች አሠልጣኟ፣ ቀስ ብላ።

“ውሃ አለ።”

“ከዚያስ?”

“ሌላ ምንም። ‘እማዬ ውሃ፣ እማዬ ውሃ’ ነው ያለው። ደም ከተገኘ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ይገባል ስለተባለ ምንም እንዳይቀምስ ታዝዞ ነበር። እናቴ አላስችል ብሏት ኩባያ ይዛ መጣች። ኩባያውን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ።”

አሠልጣኟ እጇን ያዘቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ማስመሰል አልነበረም። ጥቂት ቆይታ ግን እንዲህ አለች፦ “በጣም ያሳዝናል። ግን ይሄ ሰውን ያስለቅሳል እንጂ ከወንበሩ አያስነሳውም። የሚሰማሽ ሰው ‘ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?’ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ወንድምሽ ዛሬ ቢናገር ኖሮ ምን የሚላቸው ይመስልሻል?”

ሲስተር አሰበችና፣ “‘ሌላ ሰው እንደኔ አይሙት’ ይላቸው ይሆናል” አለች።

“በቃ! እሱን ንገሪያቸው።”

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው፤ ሦስት መቶ ተማሪ። መብራቱን አጠፋሁ። ሰሌዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ወጣ፤ ልብሱ በቀለም ተዥጎርጉሯል፣ መሰላል ተደግፎ ይስቃል። ፎቶውን ከእናቷ አልበም ነበር ያወጣችው። አንድም ቃል ሳትናገር ቆመች፤ እኔ እንኳ ጨነቀኝ። ከዚያ፣ “ይህ ልጅ ይህን ፎቶ በተነሳ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ” አለች።

አዳራሹ ውስጥ ዝንብ ብትበር ይሰማ ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። በመጨረሻ፣ “ወንድሜ ዛሬ ቢናገር ኖሮ፣ ‘እህቴ፣ ሌላ ሰው እንደኔ አይሙት’ ይል ነበር። ደም የምትሰጡ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከፍ አድርጉልኝ” አለች። አንድ መብራት በራ። ሌላ ተከተለ። ወዲያው ጨለማው በከዋክብት የተሞላ መሰለ። በዚያ ቀን ሰማንያ አራት ከረጢት ቀዳን። ከረጢት አልቆብን የመለስነው ሰው አለ።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ መንታ ወልዳ ደም ሲፈሳት የነበረች አራስ መትረፏን ነገራት። ሲስተር መኪናው ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ደስታ ነበር፤ ዓይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ጥሪው በዛ። በቀን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቦታ። ታሪክ ደግሞ እንደ ቢላዋ ነው፤ በተሳለ ቁጥር ይሰላል፣ ግን ከራሱ ላይ እየተበላ ነው። መጀመሪያ በንግግሯ ውስጥ የማላውቀው እንባ በወንድሟ ጉንጭ ላይ መውረድ ጀመረ። ቀጥሎ እጇን ያዛት። በአምስተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ የባንክ ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ፣ “ቢናገር ኖሮ” የሚለው ጠፋ። “ወንድሜ እጄን ያዘና፣ ‘እህቴ፣ ሌላ ሰው እንደኔ አይሙት’ አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነበር” አለች።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሰምቻለሁ። አፏን አዳልጧት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱም እንዲያው አለች። እኔም ዝም አልኩ። ሰማንያ ከረጢት የጫነ ሰው ምን ብሎ አፉን ይከፍታል? እንዲያውም ከሁሉ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ፤ ሌላው እንዲከተል።

ሲስተር ራሷ ግን መክሳት ጀመረች። ከአዳራሽ ወጥታ መኪናው ውስጥ ዳቦ እየቆረሰች፣ “ጋሼ፣ ዛሬ የቱ ጋ ነው ያለቀሱት? ዝምታዋን አላስረዘምኳትም?” ትለኛለች፤ ልክ ልብስ ሰፊ የእጀታ ልክ እንደሚጠይቅ። አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ተዘግቶብን ቆመን ሳለ፣ “ፊቱን ላስታውስ ስሞክር ያቺ ፎቶ ብቻ ነው የምትመጣልኝ። ድምፁማ ጭራሽ ጠፋብኝ” አለች። “ዕድሜ ነው” አልኳት። አርባ አራት ዓመቷ ነበር።

ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ሄደ። በኋላ አንድ ሰው ንግግሯን ቀርፆ፣ የሐዘን ሙዚቃ አልብሶ፣ ስልክ ላይ ለቀቀው። ስንት መቶ ሺህ ሰው እንዳየው እንጃ። መሥሪያ ቤቱ ሰርግና ምላሽ ሆነ። ካዩት ሰዎች አንዷ ግን የነሲስተር ጎረቤት ልጅ ናት። እሷም ደስ ይላቸዋል ብላ ስልኳን ይዛ ለእናትየዋ ልታሳያቸው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልወስዳት ቤታቸው ደጃፍ ስደርስ እናትየዋ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ፣ ወገባቸው የጎበጠ ሴት ናቸው።

“ግባ ልጄ” አሉኝ። “አንተም ስማ። በየአዳራሹ የምትወስዳት አንተ አይደለህ?”

ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና አለ፤ ጠረጴዛው ላይ አልበም ተከፍቷል። ሲስተር ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች መሐል ወለሉ ላይ ቆማለች።

“መቼ ነው ይሄን ቃል ያለው?” አሏት እናቷ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

“እማዬ…”

“እኔ ራስጌው ነበርኩ። ስወጣ ነው ያለው እንዳልል፣ አልወጣሁም። ዓይኔን ስጨፍን ነው እንዳልል፣ አልጨፈንኩም። መቼ ነው ያለው?”

“እንዲህ ካልተባለ ሰው አይሰማም እኮ፣ እማዬ። ስንት ሰው እንደዳነበት ብታውቂ!”

“ይዳኑ! ዕድሜ ይስጣቸው! እኔ ስለነሱ አልጠየቅኩሽም። ስለ ልጄ ነው የጠየቅኩሽ። ልጄ ያለው ‘እማዬ ውሃ’ ነው። እኔን ነው የጠራው።” ወንበሩን ያዙ። “በዚህ ሁሉ ዓመት ‘ለምን ውሃውን ከለከልሽው?’ ብዬሽ አውቃለሁ?”

“አላልሽም።”

“አላልኩም። ሐኪም ነው ያዘዘው፣ ልጄ የተማረችውን ነው ያደረገችው ብዬ በሆዴ ቀበርኩት። ሞቱ ላይቀር ጉሮሮው እንደደረቀ ሄደ እያልኩ ሌሊት ስገላበጥ ለአንቺ አልነገርኩሽም። አንቺ ግን ውሃውን ከአፉ መውሰድሽ አልበቃ ብሎሽ ቃሉንም ወሰድሽው።”

እኔ የስፌት መኪናው ላይ የተጠቀለለውን ጥቁር ክር ሳይ ቆየሁ፤ ሌላ የማይበት አጣሁ። ከዚያ ሲስተር፣ “ጋሼ፣ እንሂድ፤ ረፍዷል” አለችኝ።

በዚያ ቀን የተጠራነው አንድ ትልቅ ኮሌጅ ነው። አምስት መቶ ተማሪ ይጠብቃል። ዳይሬክተሩም እንግዶች ይዞ መጥቶ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። መብራቱን አጠፋሁ፤ ፎቶው ወጣ። ብዙዎቹ በስልክ አይተውት ስለነበር ገና ሲያዩት አጨበጨቡ። ስልኮች ለመቅረፅ ከፍ ከፍ አሉ።

እንደወትሮዋ ዝም አለች። ዝምታው ግን ረዘመ፤ ከተለመደው በጣም ረዘመ። ከዚያ፣ “መብራቱን አብራው፣ ጋሼ” አለችኝ።

አበራሁት።

“ወንድሜ እንደዚያ አላለም” አለች። “ስልክ ላይ የሰማችሁትን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሱ ውሃ ነው የጠየቀው። እናቴ ልትሰጠው ስትል ኩባያውን ከእጇ ወሰድኩት፤ ይድናል ብዬ ነበር። ደም አልተገኘም፤ ውሃም ሳይጠጣ ሞተ። እጄን አልያዘም። ምንም አልመከረኝም።”

ከኋላ አንድ ልጅ፣ “ታዲያ ውሸት ነበር ማለት ነው?” ብሎ ጮኸ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ። ከፍ ያሉት ስልኮች ግማሾቹ ወረዱ፤ ግማሾቹ ይባስ ብለው ተጠጉ። ሲስተር ይህን ንግግር አልተለማመደችውም። “ደም ጠፍቶ መሞቱ ግን እውነት ነው” አለች። “እሱ እውነት ነው።” ከመድረኩ ስትወርድ ያጨበጨበ የለም። እኔም እጄ አልታዘዘልኝም።

አሥራ አንድ ከረጢት ነበር የቀዳነው።

ኮሪደሩ ላይ ዳይሬክተሩ እንግዶቹን ሸኝቶ ተመለሰ። ፊቱ ገርጥቷል። “ሲስተር፣ ኅሊናሽን አከብራለሁ” አለ። “ግን ነገ ከማዋለጃ ክፍል ሲደወልልኝ ምን ልበል? ‘ውሃ ነው ያለው’ ልበላቸው?”

ሲስተር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔም ቀላሉን ሣጥን አንጠልጥዬ ወደ መኪናው ሄድኩ። እስከ ዛሬ ሳወጣ ሳወርድ ለዚያ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። በስልክ ላይ “አታላይ” ያሏት ነበሩ፤ በሳምንቱ ሌላ ወሬ ተገኘና ረሷት። አሠልጣኟ ደውላ፣ “ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ እዚያ ውስጥ ያስገባሁሽ” ብላ አልቅሳለች። ሲስተርም፣ “አንቺ ‘ቢናገር ኖሮ’ ነው ያልሽኝ። እሷን ቃል የጣልኳት እኔ ነኝ” አለቻት። የድሮውን ቪዲዮ ግን መሥሪያ ቤቱ አልጣለውም። ሲስተር እንዲቆም ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈች። ዳይሬክተሩ ሦስቱንም ጊዜ አክብሮ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው። አሁን እሷ ሳትሄድ ቪዲዮው ብቻውን ይሄዳል። እኔ ነኝ ይዤው የምዞረው። ፕሮጀክተሩን እገጥማለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ፣ ሠላሳ አርባ ሰው ይመጣል።

ሲስተር ወደ ደም መቅጃ ክፍል አዛውሩኝ ብላ ተዛወረች። እጇ ቀላል ነው፤ መርፌ ስትሰካ ሰው አይሰማውም ይባላል። የምትናገረው “ይህን ተጫን”፣ “ቀስ ብለህ ተነሳ” ብቻ ሆኗል።

ከእናቷ ጋር ዛሬም አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ፎቶውን ወደ አልበሙ መልሳለች። ስለ ሳሙና፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጎረቤት ያወራሉ፤ ስለ ማሙሽ አያነሱም። አንድ ቀን ደፍሬ፣ “ታረቃችሁ ወይ?” አልኳት።

“አልተጣላንም እኮ፣ ጋሼ” አለችኝ። “ብንጣላ ኖሮ እንታረቅ ነበር።”

ባለፈው ሳምንት ሣጥን ልረከብ መቅጃ ክፍሉ ገብቼ ነበር። አንድ ጎልማሳ አናጺ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ የእንጨት ብናኝ ፀጉሩ ላይ አለ። ሲስተር ክንዱን ስታስር ትኩር ብሎ አያት።

“አንቺ ነሽ አይደል?” አለ። “የወንድምሽን ቃል ሰምቼ ነው ደም መስጠት የጀመርኩት። ይሄ ሰባተኛዬ ነው። ለልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ፤ ‘ሌላ ሰው እንደኔ አይሙት’ ብሎ የሞተ ሰው አለ ብዬ።”

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። ልትነግረው ነው ብዬ ጠበቅኩ።

“እጅህን ጨብጥ” አለችው። ደም ሥሩን በጣቷ ፈለገች፣ አገኘችው፣ መርፌውን ሰካች። ደሙ በቱቦው ሲወርድ ፊቷን መልሳ ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጻፈች።